ቤት ያልደፋው ግጥም፦ የአንባቢያንን ምላሽ ሳናነብ በመቅረታችን የደረሰ ጉዳይ

የጥናቱ መነሻ

በማኅበራዊ ሚዲያ ተበታትነው ከሚገኙ የአማርኛ ጽሑፎችና የሥነ ጥበብ ሥራዎች መካከል እየመረጥን በየሁለት ሳምንቱ መድብል የምናዘጋጅ አራት ሰዎች ነን። በአንዱ ዕትማችን ያወጣነው ግጥም መጨረሻው የተቆረጠ ስለነበር በሕይወት ያለችን ልጅ የሞተች አስመስሎ አቀረበ፤ ወሬውም እናቷ ቤት እንደ መርዶ ገባ። ስሕተቱን ሊያሳዩን የሚችሉ ሁለት የአንባቢ ምላሾች ግን ጉዳቱ ከመድረሱ ቀደም ብለው እጃችን ላይ ነበሩ። ምላሾችን የምንቀበለው ስለ እኛ ምርጫ የተሰጠ ፍርድ አድርገን ስለነበር፣ ስለ ግጥሙ የሚነግሩንን አልሰማንም። ጉዳዩን ለመመዝገብ የወሰንኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ገጣሚዋና ቤተሰቧ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ የማንም ስም፣ ሰፈርና ከተማ ግን አልተጠቀሰም።

ዳራ

መድብሉን የጀመርነው ጥሩ ነገር እየጠፋ ነው በሚል ቁጭት ነበር። በቴሌግራምና በፌስቡክ ላይ በየቀኑ ከሚለጠፈው መካከል ተለይቶ ሊቀመጥ የሚገባው አጭር ልቦለድ፣ ወግ፣ ግጥም፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ አለ፤ ነገር ግን በማግሥቱ በአዲስ ነገር ተሸፍኖ ፈላጊ እንኳ አያገኘውም። ከአራታችን አንዷ የአማርኛ መምህርት፣ አንዱ የግራፊክስ ባለሙያ፣ አንዷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስንሆን እኔ በአርታኢነት እሠራለሁ። ከ8 እስከ 10 የሚደርሱ ሥራዎችን መርጠን፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መግቢያ ጽፈን፣ በፒዲኤፍ አዘጋጅተን ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም እንልካለን። ክፍያ አልነበረውም፤ ማስታወቂያም አንቀበልም።

የደራሲያንን ስም በሚመለከት ደንብ ነበረን፤ ደንቡ ግን ልል ነበር። ስሙ የሚታወቅ ከሆነ እንጽፋለን፤ ካልታወቀ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ብለን እናልፋለን። ፈቃድ መጠየቅ የተለመደ አሠራራችን አልነበረም፤ ሥራው አስቀድሞ በአደባባይ የተለጠፈ ስለሆነ ደራሲው ቢያየው ይደሰታል ብለን እናስብ ነበር። ይህ አስተሳሰብ በብዙ ተመሳሳይ አዘጋጆች ዘንድ እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ የተሳሳተ ስለመሆኑ ግን አሁን ጥርጣሬ የለኝም።

ከአንባቢያን የሚመጣው ምላሽ ከሦስት ዓይነት አይወጣም ነበር። አብዛኛው የልብ ወይም የጭብጨባ ምልክት ነው። ቀጥሎ «ግሩም ነው»፣ «እጃችሁ ይባረክ»፣ «በርቱ» የሚሉ አጫጭር መልእክቶች ይመጣሉ። በቁጥር ጥቂት የሆኑት ደግሞ ረጃጅም ጽሑፎችና የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። የቤተ መጻሕፍት ባልደረባችን የምላሾቹን ብዛት በየዕትሙ ትመዘግብ ነበር፤ ይዘታቸውን የሚመዘግብ ግን ማንም አልነበረም። በተለይ የድምፅ መልእክቶችን ጊዜ ሲኖረን እንሰማቸዋለን ብለን እናስቀምጣቸው ነበር።

ግጥሙ

ዘመን መለወጫ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ባወጣነው ዕትም ውስጥ ከአንድ ሰው የተላለፈልንን ግጥም አካተትን። የደረሰን በጽሑፍ ሳይሆን በምስል ነበር፤ ከአደይ አበባ ፎቶግራፍ ላይ የተጻፉ 13 ስንኞች፣ ስም የሌላቸው። ግጥሙ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ በሩቅ ያለች ልጇን የሀበሻ ቀሚስ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አጥፋ መልሳ ስለምታስቀምጥ እናት ይናገራል። አሥራ ሦስተኛው ስንኝ ቀሚሱ እንዳለ፣ ባለቤቷ ግን እንደሌለች ተናግሮ «የለች» በሚል ቃል ያበቃል።

ሁላችንም የሐዘን ግጥም ነው ብለን አነበብነው። እኔ በጻፍኩት መግቢያ ላይም «ልጇን ያጣች እናት» የሚል ሐረግ ተጠቀምኩ። ግጥሙ ራሱ ልጅቱ ሞታለች አይልም፤ ሞቷን የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሙሉው ግጥም ግን 18 ስንኝ ነበረው። ምስሉን ለስልክ እንዲመች አራት ማዕዘን አድርጎ የቆረጠ ሰው ከግርጌ አምስት ስንኞችንና የገጣሚዋን የብዕር ስም አብሮ ቆርጧቸዋል። አሥራ አራተኛው ስንኝ የሚያበቃው «ደወለች» በሚል ነው። ልጅቱ በዐረብ አገር በሥራ ላይ ያለች የገጣሚዋ ታናሽ እህት ናት፤ በመጨረሻዎቹ ስንኞች ስልክ ደውላ ቀሚሱ ገና ይሆነኝ ይሆን ብላ እናቷን ትጠይቃለች። ከመቆረጡ በፊት ግጥሙ የናፍቆትና የተስፋ ግጥም ነበር።

የአንባቢያን ምላሽና የደረሰው ጉዳት

ዕትሙ ከወጣበት ምሽት ጀምሮ ምላሹ ከዚያ በፊት አይተነው በማናውቀው ብዛት መጣ። አብዛኛው ማጽናኛ ነበር፤ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «አላህ ይዘንላት» የሚሉ። የራሳቸውን ሐዘን የጻፉልንም ነበሩ። አንድ አንባቢ ግጥሙ በሕይወት የሌሉ አንድ ስመ ጥር ባለቅኔ ሥራ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ይህን ሁሉ ስናይ መድብላችን ሰው ልብ ውስጥ ገባ ብለን ተደሰትን። ይህን ሳልሸሽግ መጻፍ ግዴታዬ ነው፤ ደስታችን ነው ዓይናችንን የጋረደው።

እሑድ ጠዋት አንድ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ረዘም ያለ ደብዳቤ ላኩልን። ደብዳቤው በቀድሞው ዘመን ለጋዜጣ አዘጋጅ ይጻፍ በነበረው ሥርዓት ቀን፣ ከተማና ጉዳዩ ከላይ ተጽፎበት የመጣ ነው። መምህሩ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ ግጥሙ ሁለት ሁለት ስንኝ ቤት እየመታ ከሄደ በኋላ የመጨረሻው ስንኝ ለምን ብቻውን ቀረ? «የለች» ለሚለው ቤት የሚደፋለት ስንኝ ስለሌለ ግጥሙ አላለቀም ብለው ነበር። እኛ በአክብሮት አመስግነን፣ ዘመናዊ ገጣሚያን ሆን ብለው ቤት ሳይደፉ የሚጨርሱበት ጊዜ እንዳለ ጽፈን መለስንላቸው። እሳቸው ማስረጃ ሰጡን፤ እኛ ትምህርት ሰጠናቸው።

ሰኞ ሌሊት ደግሞ በአንድ የባሕረ ሰላጤው አገር በቤት ሠራተኝነት ከምትሠራ አንባቢ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት መጣ። ግጥሙን ከዚህ በፊት አብራት ትኖር የነበረች ልጅ አንብባላት እንደነበር፣ መጨረሻው ላይ ስልክ የሚደወል እንደሚመስላት፣ በእኛ ዘንድ ግን ልጅቱ እንዴት ሞተች እንደተባለ እንደገረማት ትናገራለች። መልእክቱን የሰማነው ከአራት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ዕለት ነው።

ሐሙስ ዕለት የገጣሚዋ አክስት ግጥሙን ከነመግቢያው በዘመድ ስልክ ላይ አዩት። የእህታቸው ልጅ እንደጻፈችው ቀድሞ ያውቁ ስለነበር፣ «ልጇን ያጣች እናት» የሚለውን ሲያነቡ ዐረብ አገር ያለችው ልጅ ሞታ ከእሳቸው የተደበቀ መሰላቸው፤ እያለቀሱም እናትየው ቤት ደረሱ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት ምን እንደተፈጠረ ለመገመት አይቸገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቃል ተመዝኖ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ተዘጋጅቶ። እናትየው ልጃቸውን በስልክ አግኝተው ድምፅዋን እስኪሰሙ ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ አልፏል። በዚያው ምሽት ገጣሚዋ ጻፈችልን። ደብዳቤዋ አጭርና የተረጋጋ ነበር፤ ግጥሙ የእሷ መሆኑን፣ አምስት ስንኝ እንደጎደለው፣ እህቷ በሕይወት እንዳለችና እናቷ ላይ የደረሰውን ገልጻ፣ ምን ልናደርግ እንዳሰብን ጠየቀችን።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃችን ስሕተት ነበር። ደንግጠን ዕትሙን በዚያው ሌሊት ያለ ምንም ማብራሪያ አጠፋነው። ፒዲኤፉ ግን በብዙ ሰው ስልክ ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ሌሎች ቡድኖችም ተላልፏል። ማጥፋታችንን ያዩ አንባቢያን ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ስለሆነ የተነሣ መሰላቸው፤ ስለዚህም ዝምታችን የሐሰቱን ወሬ አጠናከረው።

ዓርብ ጠዋት ለገጣሚዋ ደውለን ይቅርታ ጠየቅን። ለእሷ ስልኩ እንደሚበቃ፣ እናቷን ግን ራሳችን ብናነጋግራቸው እንደምትመርጥ ነገረችን። ቅዳሜ ሁለታችን ሄድን። እናትየው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነፍስ ይማር ያሉት ሰዎች ሁሉ ልጄ በሕይወት እንዳለች ይነገራቸው አሉ። የእርማታችን ይዘት የተወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው። እኛ አዘጋጅተነው የነበረው ረቂቅ ስለ ምንጭ አጠቃቀምና ስለ ሥነ ምግባር የሚያትት ረጅም ጽሑፍ ነበር፤ ጥለነው ሌላ ጻፍን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በግጥሙ የተጠቀሰችው ልጅ በሕይወትና በጤና እንዳለች ይናገራል። ሁለተኛው ግጥሙ ተቆርጦ እንደወጣና «ያጣች» የሚለው ቃል የአዘጋጆቹ እንጂ የገጣሚዋ እንዳልሆነ ይገልጻል። ከዚያ 18ቱ ስንኞች በገጣሚዋ የብዕር ስም ይከተላሉ። ማጽናኛ ለጻፉልን አንባቢያን ለእያንዳንዳቸው በተናጠል መልስ ሰጠን፤ ይህ አራታችንን ሦስት ምሽት ፈጅቶብናል።

ቀጥለን ያደረግነው ግጥሙን ቀድሞ ማግኘት እንችል እንደነበር መመርመር ነው። ከማውጣታችን በፊት አንድ ስንኝ ተይቦ በመፈለጊያ ተፈልጎ ምንም አልተገኘም ነበር። የተየብነው «ፀሐይ» ብለን ነው፤ ገጣሚዋ ከሁለት ዓመት በፊት በፌስቡክ ገጿ ላይ በጽሑፍ የለጠፈችው ደግሞ «ጸሀይ» ብላ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ወደሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ሲገባ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለያ ቁጥር ይዘው ነው የገቡት፤ ስለሆነም ለአንባቢ አንድ ቃል የሆነው ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃላት ይሆናል። ስንኙን በተለያየ አጻጻፍ እየቀያየርን ስንፈልግ ሙሉውን ግጥም ለማግኘት ከሩብ ሰዓት በላይ አልወሰደብንም። በምስል ፍለጋ ደግሞ የተገኘው የአበባው ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ በፎቶግራፉ ላይ የተጻፈውን ግጥም አላገኘውም።

በመጨረሻም ደንባችንን ከሕጉ ጋር አስተያየነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ከሚሰጣቸው የሞራል መብቶች መካከል በስሙ መታወቅ፣ ከፈለገ በብዕር ስም መጠቀም፣ ሥራው ክብሩን በሚጎዳ መንገድ ሲዛባ መቃወም ይገኙበታል። አዋጁ ምንጭና ስም ተጠቅሶ በመልካም ልማድ ልክ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ግጥምን በሙሉ ማተም ግን ጥቅስ አይደለም። ስለሆነም ያለ ፈቃድ ምንም ሥራ ላለማውጣት፣ ባለቤቱን ያላገኘነውን ሥራ ደግሞ ጨርሶ ለመተው ወሰንን። «ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚለውን ሐረግ ከመድብሉ አስወጣነው፤ ያልታወቀው ለእኛ እንጂ ባለቤትስ ነበረው።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው የምላሽ አያያዛችን ነው። የቤተ መጻሕፍት ባልደረባችን ብዛት የምትቆጥርበትን ሰንጠረዥ ትታ ደብተር ከፈተች። እያንዳንዱ ምላሽ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ይቀርብበታል፦ ስለ ሥራው እኛ የማናውቀውን ነገር ይነግረናል ወይ? ለደራሲው ሊደርስ የሚገባ ነው ወይ? የድምፅ መልእክቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ተሰምተው ፍሬ ነገራቸው በጽሑፍ ይሰፍራል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡት ምላሾች በአብዛኛው በድምፅ መሆናቸውን ያስተዋልነው ያኔ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ተቀምጣ ለመጻፍ ጊዜ የላትም፤ ከሥራ በኋላ በሌሊት ትናገራለች። ስለ እነሱ ሕይወት የተጻፈን ግጥም አውጥተን የእነሱን ድምፅ ለመስማት ቸል ማለታችን ከጠቅላላው ጥፋታችን ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ነው።

ለአንባቢ የምናቀርበው ጥያቄም ተለወጠ። ቀድሞ ከዕትሙ ግርጌ «እንዴት አገኛችሁት?» እንል ነበር፤ ይህ ጥያቄ ምስጋና ከመጋበዝ ያለፈ ጥቅም የለውም። አሁን ግን «ይህን ሥራ በሌላ መልክ ወይም በሌላ ስም አይታችሁት ታውቃላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ ምክንያት አንድ ሌላ ወግ ከመታተሙ በፊት መካከሉ ላይ አንድ አንቀጽ እንደጎደለው ረቂቁን ካሳየናቸው አንባቢያን አንዱ ነግሮናል። ለሥዕሎች ደግሞ ይህ ጥያቄ ስለማይስማማ ከአንድ ሠዓሊ ጋር ተመካክረን «መጀመሪያ ዓይናችሁ ያረፈው የት ላይ ነው?» ማለት ጀመርን። «ቆንጆ ሥዕል ነው» የሚለው ምላሽ ቀስ በቀስ ሠዓሊው ሊጠቀምበት ለሚችል አስተያየት ቦታውን ለቋል።

ምላሾችን ለደራሲያን ማድረስም ሠርቷል። የሴትዮዋን የሦስት ደቂቃ ድምፅ በፈቃዷ ለገጣሚዋ ላክንላት፤ ገጣሚዋም በድምፅ መለሰችላት። የመምህሩን ደብዳቤም እንዲሁ አደረስን፤ ለእሳቸው ደግሞ የመጀመሪያ መልሳችን ስሕተት እንደነበር ጽፈን ይቅርታ ጠየቅን። አሁን ከመታተማቸው በፊት ግጥሞችን የሚያዩልን እሳቸው ናቸው።

ሁለት ነገሮች አልሠሩም። አንባቢያን እርስ በርስ የሚወያዩበት ቡድን ከፍተን ነበር፤ ግጥሙ የስመ ጥሩው ባለቅኔ ነው ያለው አንባቢ ከእርማቱም በኋላ አቋሙን ስላልለወጠ ክርክሩ ወደ ገጣሚዋ ሐቀኝነት ዞረ። ባለ ሥራው በሌለችበት ስለ ባለቤትነቷ እንዲፈረድ መድረክ መስጠት ሁለተኛ በደል ሆኖ ስላገኘነው ቡድኑን ዘጋነው። የዕትሙን ምርጥ ሥራ በድምፅ ማስመረጥም ሞክረን ነበር፤ ደራሲያን ወዳጆቻቸውን ማሰባሰብ ስለጀመሩ ከሁለት ዕትም በኋላ ተውነው።

የፈቃድ ደንቡ ዋጋ አስከፍሎናል። በብዕር ስም ብቻ የሚጽፉና መልእክት የማይመልሱ ብዙ ደራሲያን አሉ፤ ስለዚህ መድብሉ ከ10 ሥራ ወደ 4 ወይም 5 ወርዷል። ቀጭን ሆነ ብለው የተዉን አንባቢያን አሉ። ሥራው ደራሲው ሳያውቀው ከሚወጣ መድብሉ ቢሳሳ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ከአራታችን አንዱ ግን በዚህ እስከ አሁን ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ደንቡ ጥሩ ሥራዎች እንዲረሱ ያደርጋል ይላል፤ ክርክሩ ባዶ አይደለም።

ለሌሎች አዘጋጆች የሚተርፍ

ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው የመጀመሪያው ነገር የምላሽን ብዛት ከምላሽ ይዘት መለየት ነው። በእኛ ዘንድ እጅግ የበዛው ምላሽ ማጽናኛው ነበር፤ እውነቱን የያዙት ደግሞ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንዱ ረጅም ስለሆነ፣ ሌላው በድምፅ ስለሆነ ተገቢውን ትኩረት ያላገኙ። ለማንበብ ጊዜ የሚወስደውን ምላሽ አስቀድሞ ማየት ከዚያ ወዲህ የጸና ልማዳችን ነው።

አዘጋጅ የሚጽፈው መግቢያ ከሥራው እኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንባቢ ግጥሙን የሚያነበው መግቢያው ባበጀለት መንገድ ነው፤ አክስቲቱን ያስደነገጣቸውም ከግጥሙ ይልቅ የእኔ ሐረግ ነበር። አሁን በመግቢያ ላይ ሥራው ራሱ ያልተናገረውን አንናገርም።

ሥራን በምስል ለሚያሰራጩ ደራሲያንም አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የግራፊክስ ባልደረባችን የገጣሚውን ስም ከግርጌ አንሥቶ ከርእሱ አጠገብ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ የስንኞቹንም ብዛት ከርእሱ በታች በትንሹ ይጽፋል፤ «18 ስንኝ» ተብሎ። ምስሉ ቢቆረጥ እንኳ የያዘው ሰው የጎደለ ነገር እንዳለ ያውቃል። በቅኔ ቤት የታወቀ ቅኔ ሲነገር የቅኔው ባለቤት አብሮ የሚነሣበት ልማድ አለ፤ የእኛም አሠራር ከዚያ የራቀ አይደለም።

እርማትን በተመለከተ፣ ዝም ብሎ ማጥፋት በተሰራጨ ነገር ላይ አይሠራም። እርማቱ መጀመሪያ መናገር ያለበት የተጎዳው ሰው እንዲነገርለት የሚፈልገውን ነው፤ የአዘጋጁ ማብራሪያ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህም ሆኖ እርማታችን የተቆረጠው ግጥም የደረሰበት ሁሉ አልደረሰም። በመስቀል ሰሞን ያው ግጥም፣ ያው 13 ስንኝ፣ በሌላ የአበባ ፎቶግራፍ ላይ ተጽፎ በማናውቀው ገጽ ላይ አየነው። ከሥሩ ነፍስ ይማር የሚሉ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል አንዲት የማናውቃት አንባቢ የጎደሉትን አምስት ስንኞች ከ«ደወለች» ጀምራ፣ ከነብዕር ስሙ፣ አንድ ቃል ሳትስት ጽፋቸው ነበር።